የዕዳው ቁና

በቢቸናና በደብረ ወርቅ መካከል፣ ከመኪናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አራት ጥማድ ጥቁር መሬት ያለው አንድ ገበሬ ነበር። ጤፉ ነጭ ነው። የቢቸና ነጋዴ ከጆንያው በመዳፉ ዘግኖ ሲያየው፣ ዋጋ ላጣጥል ቢልም አፉ አይታዘዝለትም። የሰውየው ልጆች ግን የሚበሉት የበቆሎ እንጀራ ነው፤ ነጩ ጤፍ የሰው ነበርና።

ሰውየው ባለዕዳ ነው። ነገሩ የመጣው በብዙ ቤት እንደሚመጣው ነው። አባቱ ሞቱና የተዝካሩ ወጪ ደረሰ። በዚያው ክረምት አንደኛው በሬው ታሞ ሞተ። የማዳበሪያው ክፍያም ቀኑን ጠብቆ መጣ። ዘመድ ጋ ዞረ፤ ዘመድም የራሱ ነበረበት። በመጨረሻ ሞጣ ከሚኖር አንድ ነጋዴ 12,000 ብር ተበደረ፤ ወለዱ በየወሩ ከመቶው አምስት ነው። ወረቀት ተጻፈ፤ ሁለት ዋስ ቆመ፤ ሰውየው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ቤቱ ገብቶ ጣቱን በአመድ ቢያሸው ቀለሙ አልለቅ አለው።

ሚስቱ ከቤቱ ቁናዎች አንዷን ለየች። የገበያ ቀን ጤፍ ሲሰፈር መጀመሪያ የምትሞላው ያቺ ቁና ሆነች፤ እሷ ሳትሞላ ለቤት አይሰፈርም። ልጆቹ እንኳ «የዕዳው ቁና» ብለው ያውቋታል። ከእሷ የተገኘው ብር እየተጠራቀመ፣ ከአጨዳው ብር ጋር ሆኖ በየዓመቱ ወደ ሞጣ ይወርዳል። አበዳሪው ቆጥሮ ይቀበላል፤ በደብተሩ ላይ አንዲት መስመር ይሰርዛል፤ «ለከርሞ ያድርሰን» ይላል።

ዕዳ ቤት ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስወጣው ቡናን ነው። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብሎ ሲጠራ ሚስቱ ሊጥ አለብኝ ትላለች፤ ሌላ ቀን ራሴን አመመኝ ትላለች። የሰው ቡና የጠጣ ሰው መልሶ መጥራት አለበት፤ እሷ ደግሞ የምትቆላው የላትም። ቀስ በቀስ መጥራቱን ተዉት። ባልየውም የጽዋ ማኅበሩ ተራ ሲደርሰው ለሌላ አሳለፈ፤ በሚቀጥለው ዓመትም አሳለፈ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማኅበሩ መሄድ አፈረ። ደቦ መጥራትም ቀረ። ጠላ ያልጠመቀ፣ ንፍሮ ያልቀቀለ፣ እንዴት ብሎ ሰው ይጠራል? መሬቱን እሱና ሚስቱ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆቹ፣ እንደሆነው አረሙት። ጤፍ ደግሞ በጊዜው ካላረሙት የሚምር እህል አይደለም።

ሚስቱ አንድ ነገር በጠየቀችው ቁጥር፣ ሳሙናም ይሁን ዘይት፣ ሰውየው የሚመልሳት አንድ ነገር ነው፦

«አሁን ይለፍ፤ በኋላ እንኖራለን።»

እሷም ታውቃለች። እውነቱን ነው።

በሰባተኛው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ሰውየው የመጨረሻውን ብር ይዞ ሞጣ ገባ። አበዳሪው ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ወረቀቱ በሽማግሌ ፊት ተቀደደ። ሰውየው ቁራጮቹን ለቅሞ ኪሱ ከተተና ማታ ምድጃው ውስጥ ጨመራቸው። ሚስቱ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ጎረቤት ምን ሆኑ ይለናል ብላ መልሳ ዋጠችው። አሮጊቷ እናቱ ከመደቡ ላይ ሆነው «ተመስገን» አሉ።

የሚቀጥለው የገበያ ቀን ሚስቲቱ ጤፉን ስትሰፍር ያቺን ቁና አለፈቻት። ሰውየው አየና ራሱ አነሣት፤ ራሱም ሞላት።

«ይሄ የማን ነው?» አለችው።

«የማንም አይደለም። ይቀመጥ።»

ተቀመጠ። የቁናዋ ብር ከጎታው ሥር በተቀበረ ማሰሮ ውስጥ መግባት ጀመረ። ሳምንት በሳምንት ላይ፣ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። ከልጆቹ በፊት አይበላም፤ ከሚስቱ በፊት አይተኛም። ግን እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ገበያ ይወጣል፤ ጤፉን ሸጦ በቀጥታ ይመለሳል። ለሚስቱ ነጠላ ሊገዛ አንድ ጊዜ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ነበር ይባላል፤ ባለሱቁ «ግባ» ሲለው ደንግጦ ሄደ። ልጁ የኮንጎ ጫማው ተረከዙ ተሰንጥቆ በሽቦ ሰፋው። የበቆሎው እንጀራም ቀጠለ። ሚስቱ ስትጠይቀው መልሱ ያው ነው፦ «አሁን ይለፍ፤ በኋላ እንኖራለን።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ ቅንጣት ውሸት የለም። የሚያስፈራውን ነገር ግን ስሙን ቢጠይቁት አያውቀውም።

በ2012 ዓ.ም. ጳጉሜን ሚስቱ ከማሳው ተመልሳ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሶ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ሣሩ ጤፉን ሊውጠው ነው» አለችው። «ሙጃው አንድ ነገር፣ መጩ አንድ ነገር። እኔና አንተ አንችለውም። ጌሾና ለብቅል የሚሆን ገብስ ግዛልኝ፤ ጠላ ልጥመቅና ደቦ እንጥራ።»

«እኛው እናርመዋለን። አሁን ይለፍ።»

«በኋላ እንኖራለን» ብላ ጨረሰችለትና ውኃ ልትቀዳ ወጣች።

አዲሱ ዓመት በገባ በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ብር ሊቀየር ነው የሚል ወሬ በሬዲዮ መጣ። ባለ 10፣ ባለ 50ና ባለ 100 ብር ኖት በአዲስ ይተካል፤ ባለ 200 ብር የሚባል አዲስ ኖትም ታትሟል፤ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ ከ10,000 ብር በላይ ይዞ የመጣ የባንክ ሒሳብ ይከፍታል። ሰውየው ሬዲዮውን ከጎረቤቱ አጥር ውጭ ቆሞ ሰማ። ማታ ጎታው ሥር ተንበርክኮ ማሰሮውን አወጣና ቆጠረ፤ 34,000 ብር። መልሶ ቀበረው።

በማግሥቱም አልሄደም። በሣልስቱም አልሄደም። «ይሄ ብር ያለውን ሰው ለማወቅ የተዘየደ ዘዴ ነው» አለ። «ሒሳብ ክፈት ይላሉ፤ ፈርም ይላሉ። አንድ ጊዜ ፈርሜ ያየሁትን አይቻለሁ።»

አሮጊቷ እናቱ ይህን ሲሰሙ ከመደቡ ተነሡ። ሙዳያቸውን ከፈቱ፤ ከመቁጠሪያቸው ሥር፣ ከእጣኑ ሥር፣ የታጠፈ ጨርቅ አወጡ። ከጨርቁ ውስጥ ሦስት ባለ አስር ብር ወጡ፤ ቀያቸው ደብዝዟል፤ የንጉሡ ፊት ይታይባቸዋል። ልጃቸው ጉልበት ላይ አኖሯቸው።

«ምንድን ነው እማ?»

«የአያትህ ግብር።»

ልጅየው የአያቱን ነገር በከፊል ያውቃል፤ ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲመጣ ቢቸናም ሞጣም ተነሥቷል። መሬቱ ሊለካ ነው፣ ርስቱ ሊነጠቅ ነው ብሎ ገበሬው ግብር ሰብሳቢውን አላስገባም አለ፤ ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላን ሳይቀር መጣበት። ኋላ ግን ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሡም የዓመታቱን ውዝፍ ማሩ። እስከዚህ ድረስ ሰው ሁሉ የሚያወራው ነው። አሮጊቷ ያወሩት ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው።

«ውዝፉ ተማረ ሲባል ሰው ሁሉ ጨፈረ» አሉ። «አያትህ ግን አላመነም። ነገ ተመልሰው ቢመጡስ ብሎ የግብሩን ብር ከጋቢው ጫፍ ቋጠረ። እኔ ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነበርኩ፤ ጋቢውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ቋጠሮውን ሳልፈታ ዙሪያውን አጥባለሁ። ልጆቹ ሲታመሙ አልተፈታም፤ ላሚቱ ስትሸጥ አልተፈታም። ደርግ በ1969 ብር ሲቀይርም 'ይሄ ብር ያለውን ሰው ለማወቅ የተዘየደ ዘዴ ነው' አለ። ልክ እንዳንተ። አፈር ሲገባ ቋጠሮውን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

ልጅየው ብሮቹን ገለበጣቸው።

«ጤፍ ቢከርም አይነቅዝም» አሉ እናቱ ወደ መደባቸው እየተመለሱ። «ብር ጤፍ አይደለም።»

ሰውየው ከመስቀል በፊት ባለው የገበያ ቀን ሌሊት ተነሥቶ፣ ማሰሮውን ገልብጦ፣ ብሩን በሚስቱ አሮጌ መቀነት ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ቢቸና ገባ። ዘመኑ የኮሮና ነው። ባንኩ ደጃፍ ላይ ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ተሰልፏል፤ እሱም የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ አድርጎ ከኋላ ቆመ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ከጎኑ አንድ ሰው ተጠጋው። ጭምብሉ ሰማያዊ የነበረ፣ በመታጠብ ብዛት ግራጫ የሆነ ነው። የኮቱ ክሳድ ተገልብጦ የተሰፋ ነው፤ ክርናቸው ላይ ሁለቱም እጅጌዎች በሌላ ጨርቅ ተጥፈዋል። ብብቱ ሥር የስኳር ጆንያ ይዟል። ምስኪን ነው ብሎ ሰውየው ቦታ ለቀቀለት።

«ደህና ከረምክ?» አለ ያ ሰው። ድምፁን ሲሰማ ጉልበቱ ላላ። አበዳሪው ነው።

«እግዜር ይመስገን፣ ጋሼ። እርስዎ ደህና ነዎት? ምነው እዚህ ድረስ?»

«ሞጣ ላይ በሰው ስም፣ በሰው ስም እያልኩ ጨረስኩ። እዚያ ሁሉም ያውቀኛል።» ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ወንድሜ፣ አንተ የታመንክ ሰው ነህ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈርከኝም። እዚህ ውስጥ 50,000 አለ። ባንተ ላይ ደርበህ፣ የኔ ነው ብለህ አስገባልኝ። ኋላ ስትሰጠኝ 5,000 ለድካምህ ታስቀራለህ።»

5,000 ብር! ሰውየው ዝም አለ። በልቡ ነጠላው መጣ፤ ጫማው መጣ።

አበዳሪው መልስ እየጠበቀ ከኪሱ ቆሎ አወጣ። መዳፉ ላይ አድርጎ ግማሹን ወደ ኪሱ መለሰ፤ የቀረውን አንድ አንድ እያደረገ፣ ጭምብሉን ከፍ እያደረገ ቃመ።

«ምሳ አልበሉም እንዴ?» አለው ሰውየው።

«ምን ምሳ አለ? ይሄ ጭንቀት እስኪያልቅ ነው እንጂ።» አበዳሪው ጆንያውን ብብቱ ሥር አጠበቀው። «አሁን ይለፍ፤ በኋላ እንኖራለን።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየው። ከእግሩ ጀምሮ አየው፤ ጫማው፣ የተጣፈው ክርን፣ ክሳዱ። ከዚያ የገዛ እግሩን አየ፤ ወገቡ ላይ ያለውን መቀነት በእጁ ዳሰሰ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰ።

«ጋሼ» አለ፣ «የርስዎን ብር ሰባት ዓመት ተሸክሜአለሁ። ከዚህ በኋላ ትከሻዬ አይችልም። ይቅር ይበሉኝ።»

አበዳሪው አልተቆጣም፤ ከኋላ ወዳለው ሰው ዞረና «ደህና ከረምክ?» አለ።

ተራው ሲደርስ ሰውየው መቀነቱን ፈታ። የባንኩ ልጅ ብሩን በማሽን ቆጠረችው፤ የቀበሌ መታወቂያውን አየች፤ ሒሳብ ከፈተችለት። «አባቴ፣ እዚህ ላይ ያትሙ» አለችው። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ሲያደርግ እጁ ተንቀጠቀጠ። «ይሄ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቃት። «ገንዘቡ የርስዎ ነው ይላል» አለችው። ከ34,000 ብሩ 3,000ውን በአዲስ ኖት ስጪኝ አላት፤ ሰጠችው።

ወደ ገበያው ወረደ። እዚህ ላይ ነው የተቸገረው። ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ሰውየው የሚያውቀው ሁለት ዋጋ ብቻ ነው፤ የጤፍና የወለድ። ሽንኩርት ስንት ነው ብሎ ጠየቀና ዋጋውን ሲነግሩት እያሾፉበት መሰለው። ሳሙናውን አነሣ፤ አስቀመጠ። ነጠላዎቹን ከሩቅ አያቸው። ሁሉም ነገር ያስፈልጋል፤ ከየት እንደሚጀመር አያውቅም። ሐምራዊዋን ባለ 200 ብር በጣቶቹ መካከል እያሻሸ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ዞረ። ባዶ እጁን ሊመለስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ከገበያው መውጫ አንዲት ሴት የጌሾ ቅጠል ዘርግታ ተቀምጣለች። የጌሾው ሽታ ሲያገኘው ሚስቱ በጭቃ ተለውሳ ደጃፍ ላይ ቆማ የጠየቀችው ነገር ትዝ አለው። ቁጭ አለ።

«የደቦ ጠላ ነው» አላት። «ለሃያ ሰው ስንት ይበቃል?»

ሴትዮዋ ሳቀችና ሰፈረችለት። ገብሱንም የት እንደሚያገኝ ጠቆመችው። ከገብሱ ቀጥሎ ያለው ቡና ነበር፤ አንድ ኪሎ ገዛ። ከዚያ ሳሙናው ቀላል ሆነ። ነጠላውን ግን አልገዛም፤ ሚስቴ መጥታ ራሷ ትምረጥ አለ። ትክክል ነው፤ እሱ ቢመርጥ ኖሮ ለእናቱ የሚሆን ነበር የሚያመጣው።

ሲመሽ ቤት ደረሰ። ሚስቱ ጌሾውን፣ ገብሱን፣ ቡናውን አንድ በአንድ ስታወርድ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። የመጨረሻውን ስታወርድ እንባዋ መጣ።

«ከማን ተበደርክ?» አለችው።

«ከማንም።»

«እውነቱን ንገረኝ። ከሞጣው ሰውዬ ነው?»

«ከማንም አልተበደርኩም አልኩሽ! የራሳችን ነው።»

አላመነችውም። የባንኩን ደብተር አውጥቶ ሰጣት፤ ማንበብ ለሚችለው ልጃቸው ሰጠችው። ልጁ ጮክ ብሎ የአባቱን ስም አነበበ፤ ቁጥሩን አነበበ። ዕዳ የሚል ቃል አለበት ወይ ብላ ጠየቀችው። የለበትም አላት። ያን ጊዜ ቡናውን አጥባ ቆላችው፤ ጭሱ ሳይበርድ ልጅቱን ወደ ጎረቤት ላከቻት። ጎረቤቷ በልጅቱ ቃል አላመነችምና ራሷ ልታይ መጣች። ሦስተኛው ሳይጠጣ ሌሎች ሁለት ሴቶች መጥተው ነበር። ስለ ቀረው ጊዜ ማንም አልጠየቀም።

ጠላው ተጠነሰሰ፤ ደረሰ። በመስከረም መጨረሻ፣ ታቦት ባልሆነ ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ ሰዎቹ መጡ። ሰውየው ሃያ ጠርቶ ነበር፤ የመጣው ከዚያ በላይ ነው። የማኅበሩ ሙሴ ሳይቀር መጥቷል፤ «ተራህን ስንት ዓመት በልተሃል፤ ዛሬ በጠላ ትከፍላለህ» አለውና ሳቀ። በአንድ ሰልፍ ሆነው ቁጢጥ አሉ። ዘፈን አውጪው አወጣ፤ ሌሎቹ ተቀበሉ። ሙጃው በየእፍኙ እየተነቀለ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ መጩ ከነቢጫ አበባው ይከመራል። እርጥብ ጥቁር አፈር ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ኋላቸው ሲመለከቱት ማሳው እየጸዳ፣ ጤፉ ቀጭን ቀጭን ሆኖ ብቻውን እየቆመ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ የቀረችው የማሳው ጥግ ብቻ ነበረች። ሚስቱ ጠላውን በእንስራ፣ ንፍሮውን በሰፌድ አመጣች። ጠላው ግን ከምሽቱ በፊት አለቀ፤ አሳፈራት።

ታኅሣሥ ላይ ጤፉ ታጨደ፤ ተከመረ፤ አውድማ ላይ በበሬ ተበራየ። ባለፈው ዓመት ከዚያው መሬት ዘጠኝ ኩንታል ወጥቶ ነበር። ዘንድሮ ነፋሱ ገለባውን ወስዶ ሲያበቃ፣ በኩንታል እየተሰፈረ ሲቆጠር አሥራ ሦስት ሆነ። ሰውየው ለቤት ስንት፣ ለገበያ ስንት ከሚስቱ ጋር አውድማው ላይ ቆመው ተጨቃጨቁ፤ ዘንድሮ ልጆቹ ነጭ ጤፍ እንዲበሉ እሷ አንድ ኩንታል ትላለች፣ እሱ ግማሽ ይላል። ሦስት ሩብ ላይ ተስማሙ።

ከዚያ ሰውየው ያቺን ቁና አነሣ። ከክምሩ እስከ አፏ ሞላት፤ በክንዱ ደለደላት፤ ለብቻዋ አኖራት።

ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ይሄ የማን ነው?»

«የከርሞው ደቦ ነው» አላት። «የጌሾውና የገብሱ።»

«እንግዲያው አንድ ቁና አይበቃም» አለችው። «ድገማት።»